ጋደም ስል ሐሳቤ ይነሣል፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት የተቀጠርኩ የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስሠራ እውልና ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ሶፋው ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ያዳፋኛል፤ ተነሥቼ አልጋዬ ላይ ጋደም ስል ግን እንቅልፉ ከዓይኔ ይጠፋና አእምሮዬ ሥራ ይጀምራል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በዚህ ወቅት የሥራው ጫና እንደሚበረታ የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል። እኔን ያስቸገረኝ ግን ቢሮ ውስጥ የምሠራው ሳይሆን ሌሊት በጭንቅላቴ የምሠራው ነው። ሰሞኑን በባንክ ማስታረቂያው ላይ፣ ማለትም መዝገባችንን ከባንኩ ጋር ሳመሳክር፣ የ1,800 ብር ልዩነት ተገኝቶ ምንጩ ስለጠፋኝ፣ ጨለማ ውስጥ ተኝቼ የግንቦትን ገቢዎች ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ እለቅማለሁ። ከዚያ ሐሳቡ ወደ ልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከክፍያው ገና ወዳላቦካሁት ሊጥ፣ ከሊጡ ደግሞ የዛሬ ስድስት ዓመት ለአንዲት ጓደኛዬ ወደተናገርኩት ክፉ ቃል ይሻገራል።

ሰዓቴን ሳይ 6፣ እንደገና ሳይ 7 ተኩል ሆኗል። ሰርቪሱ እንዳያመልጠኝ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ስላለብኝ «አሁን ቢወስደኝ አራት ሰዓት እተኛለሁ፤ አሁን ቢወስደኝ ሦስት ሰዓት ተኩል» እያልኩ አሰላለሁ፤ ስሌቱም የባሰውን ያነቃኛል። ሐሳቡን ለማባረር እታገላለሁ፤ ከመቶ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። እንቅልፌን ላካክስ ብዬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መተኛትም ሞክሬ ነበር፤ ትርፉ የምገላበጥበት ጊዜ መርዘሙ ብቻ ሆነ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ራሷ ከምትወስደው የእንቅልፍ ክኒን ልታካፍለኝ ብትፈልግም እኔ ግን ፈራሁ። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ምን እንደረዳው በዝርዝር ቢነግረኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ፦ የግንባታ ተቆጣጣሪው፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣ የጻፉትን ሳነብ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረኝ ሌሊት ትዝ አለኝ። እኔም በማግሥቱ ኮንክሪት የሚሞላ ከሆነ ሌሊቱን በሙሉ ብረት ስቆጥርና የሲሚንቶ መኪና ስጠብቅ አድር ነበር። ከጊዜ በኋላ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ እንቅልፌን ያባረረው ሐሳቡ ብቻ ሳይሆን እኔ ሐሳቡን ለማባረር የማደርገው ትግልም መሆኑን ነው። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት፣ የተሳታፊዎቹን አንድ ክፍል ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡ ደግሞ ደወል እንዲደውሉ አዘዛቸው። ደወሉ በተደጋጋሚ ጮኸ። ቀጥሎ ስለ ድቡ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸውም፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተነገራቸው ሰዎች ይበልጥ ድቡ በሐሳባቸው ተመላለሰ። የእርስዎ 1,800 ብርም እንደዚያ ድብ ነው፤ «ውጣ» ባሉት ቁጥር ይገባል።

እኔን የጠቀመኝ ሐሳቡን ማባረር ሳይሆን አስቀድሜ ቦታ መስጠት ነው። ከእራት በኋላ፣ ከመኝታዬ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብዬ፣ አልጋው ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ባለ ካሬ ደብተር እከፍታለሁ። ገጹን መሐል ለመሐል በመስመር ከፍዬ በግራ በኩል ሌሊት ይመጣል ብዬ የምጠረጥረውን ነገር፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ነገ በእጄ የምሠራውን የመጀመሪያ ነገር ከነሰዓቱ እጽፋለሁ። በግራ «ሲሚንቶ» ብሎ መተው ምንም አይረዳም። በቀኝ «ጠዋት 2 ሰዓት ለአቅራቢው መደወል፤ እስከ 4 ሰዓት ካልመጣ ሙሌቱን ወደ ሐሙስ ማዛወር» የሚል ሲሰፍር ግን አእምሮዬ የሚጠብቀው ነገር ያጣል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ላቦራቶሪ አሳድረው፣ ግማሾቹ ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ በቀጣዮቹ ቀናት የሚሠሩትን፣ ግማሾቹ ደግሞ ባለፉት ቀናት ሠርተው የጨረሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዝርዝሩን ነጥብ በነጥብ አብራርተው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጠኑ። ተሳታፊዎቹ ጥቂትና ጤነኛ ወጣቶች ስለሆኑ ጥናቱን እንደ መድኃኒት ማዘዣ አልቆጥረውም፤ ቢሆንም የሚያስከፍለው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ብቻ ነው።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ከአዲስ አበባ

ከክኒኑ ልጀምር። መፍራትዎ ትክክል ነው። ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒት፣ በተለይ እንደ ዳያዜፓም ያለው፣ ሰውነት የሚለምደውና ሲቋረጥ እንቅልፍ ማጣቱን ሊያባብስ የሚችል በመሆኑ ከሐኪም ውጭ አይነካም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር ለሰደደ የእንቅልፍ ማጣት ችግር በመጀመሪያ ሊሰጥ የሚገባው ክኒን ሳይሆን ልማድንና አስተሳሰብን የሚያስተካክለው የሥነ ልቡና ሕክምና መሆኑን አስታውቋል። ሥር የሰደደ የምንለው ቢያንስ በሳምንት 3 ሌሊት፣ ለ3 ወር ሲዘልቅ ነው።

ከጻፉት ውስጥ ዓይኔን የሳበው ሶፋው ነው። ሶፋ ላይ የሚያዳፋዎት እንቅልፍ አልጋ ላይ የሚጠፋው፣ አልጋዎ ሳያውቁት የሒሳብ ቢሮ ስለሆነ ነው። ሰውነታችን ቦታን ከምናደርግበት ነገር ጋር ያቆራኛል፤ ለብዙ ሳምንታት አልጋ ላይ ተኝቶ ያሰበ ሰው፣ አልጋው ራሱ «አስብ» የሚል ምልክት ይሆንበታል። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ሕክምና የተነሣው ከዚህ ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ደክሞዎት ሳይሆን እንቅልፍዎ መጥቶ ዓይንዎ ሲከደን ብቻ ወደ አልጋ ይግቡ (ድካምና እንቅልፍ አንድ አይደሉም)። በግምት ሩብ ሰዓት ሲሞላ ካልወሰደዎት፣ ወይም መበሳጨት ከጀመሩ ተነሥተው ሌላ ክፍል ይቀመጡ፤ በደብዛዛ መብራት ልብ የማይሰቅል ነገር ይሥሩ፤ ዓይንዎ ሲከብድ ይመለሱ። እንደገና እምቢ ካለም እንደገና ይነሡ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አድካሚ ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሌሊት ነው። «በግምት» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሰዓቱን ሌሊት ማየትዎን ያቁሙ፣ ስልኩንም ለመቀስቀሻ ብቻ በሩ አጠገብ ያስቀምጡት።

ሁለተኛው ነገር የመነሻ ሰዓት ነው። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ እሑድንም ጨምሮ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሡ። የእንቅልፍ ፍላጎት ነቅተን በቆየንበት ሰዓት ልክ የሚጠራቀም ስለሆነ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መተኛት ገና ያልበሰለ ድስት እንደ ማውጣት ነው። ሶፋ ላይ የሚያዳፋዎትም እንቅልፍ ከዚሁ ጥርቅም ይቀነሳልና ያን ጊዜ ቆመው ዕቃ ያጣጥቡ። አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት በእውነት ከሚተኙበት ጋር የሚያስተካክል ጠንከር ያለ ዘዴም አለ፤ እርሱ ግን ቀን ላይ ከባድ እንቅልፍ ስለሚያመጣ፣ በተለይ መኪና ለሚያሽከረክርና የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ነውና ያለ ባለሙያ አይጀመርም።

ሰውነቱ ተወጥሮ የሚተኛ ሰው ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለው ሐኪም ያስተማረውን ሊሞክር ይችላል። የእግር ጣቶችን ለጥቂት ሰከንድ ጨብጦ መልቀቅ፣ ከዚያ ባትን፣ ጭንን፣ ሆድን፣ ትከሻን እያለ እስከ ግንባር መውጣት ነው። ብዙዎቻችን ትከሻችን ወደ ጆሯችን ተሰቅሎ እንደምንተኛ የምናውቀው ስንለቀው ነው። ከእንቅልፉ ማጣት ጋር ተስፋ መቁረጥ፣ ከምግብ መራቅ ወይም «በሕይወት ባልኖር» የሚል ሐሳብ ካለ፣ ወይም ቤተሰብ «ስታንኮራፊ ትንፋሽሽ ይቆማል» ካለዎት፣ ይህን ሁሉ መሞከር ትተው ወደ ሐኪም ይሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ማግኘት ይቻላል። እዚያ የሚሄደው «ያበደ» ብቻ ነው የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው አዘግይቶብናል።

መልስ፦ ተከራዩ፣ ከአዳማ

«ሌላ ክፍል ይቀመጡ» የሚለው ምክር ሌላ ክፍል ላለው ነው። እኔ የምኖረው በአንዲት ክፍል ከወንድሜ ጋር ሲሆን አልጋዬ ሶፋዬም፣ የምበላበትም፣ የማጠናበትም ነው። ሌሊት ብነሣ የምሄደው ወደ ግቢው ነው፤ የግቢው ውሻ ደግሞ አያውቀኝም። ለእንደ እኔ ያለው ምን ይባላል?

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ

ወንድሜ፣ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ ምክሩ የተጻፈው ሰፊ ቤት ላላቸው ነው። ዋናው ነገር ግን ግድግዳው ሳይሆን ልዩነቱ ነው። ቀን ላይ አልጋውን ሙሉ በሙሉ በአልጋ ልብስ ሸፍነው ትራሱን ያንሡ፤ ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው እንደ መደብ ይቀመጡበት። ማታ የአልጋ ልብሱን መግፈፍና ትራሱን ማምጣት «አሁን መኝታ ነው» የሚል ምልክት ይሁንልዎ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲልም በርጩማ ላይ፣ በርጩማም ከሌለ በግርጌ በኩል ቁጭ ይበሉ እንጂ ተኝተው አይታገሉ።

መልስ፦ ሾፌሩ፣ ከቨርጂኒያ

እኔ የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ሲሆን የምተዳደረው መኪና በማሽከርከር ነው። የእኔ ችግር ከእህታችን የሚለየው፣ ሐሳቡ ከውስጥ ብቻ ሳይሆን ከውጭም ስለሚመጣ ነው። እዚህ አሜሪካ በጋ ሲሆን የአዲስ አበባና የእኛ ሰዓት ልዩነት 7 ሰዓት ነው፤ እኔ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ስተኛ እዚያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ ልክ ዓይኔን ልከድን ስል የቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ይነቃል። «ደኅና አደራችሁ» ይባላል፤ ከዚያ የአጎቴ የደም ግፊት፣ የመሬቱ ጉዳይ፣ የእገሌ ሠርግ መዋጮ ይከተላል። ስለ ስልክ ብርሃን ብዙ ይወራል፤ በእኔ ግምት ግን ሰውን የሚያነቃው ከብርሃኑ ይልቅ የመሬቱ ጉዳይ ነው። መፍትሔዬ ቀላል ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ስልኬ ሁሉንም እንዲዘጋና የእናቴን ጥሪ ብቻ እንዲያስገባ አደረግሁት፤ ለቤተሰቡም «የምመልሰው በእናንተ ከሰዓት በኋላ ነው» ብዬ አስታወቅሁ። በመጀመሪያው ሳምንት «ኮራ» ተባልኩ፤ አሁን ለምደውታል።

ሌላው ጥፋተኛ ቡናዬ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ማታ ከጎረቤት ጋር ተቀምጠን ከአቦል እስከ በረካ እንጠጣለን፤ «እኔን ቡና አይነካኝም» ብዬም እምል ነበር። ከሰውነታችን የቡናው ካፌይን ግማሽ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ ከመኝታቸው 6 ሰዓት ቀደም ብለው 400 ሚሊግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች እንቅልፍ ከ1 ሰዓት በላይ አንሶ ተገኝቷል፤ ተሳታፊዎቹ ራሳቸው ግን ይህን ያህል መቀነሱ በደንብ አልታወቃቸውም። አሁን የማታውን ሥነ ሥርዓት ወደ ቀትር አዛውረነዋል። ዕጣኑም ፈንዲሻውም አልቀረም።

ሐሳብ ሲይዘኝ የማደርገውን ደግሞ ልንገራችሁ። ሉክ ቦዱዋን የተባለ ካናዳዊ ተመራማሪ ያሰበው ዘዴ ሲሆን፣ እኔ ወደ ፊደላችን አምጥቼዋለሁ። አንድ ፊደል ይዤ በእርሱ የሚጀምሩ፣ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ነገሮችን አንድ በአንድ በዓይነ ኅሊናዬ አያለሁ። በ «በ» በቅሎ፤ ኮርቻዋን፣ ጆሮዋን ሳልቸኩል አያታለሁ። ከዚያ በር፣ በሶ፣ በርበሬ። ምስሎቹ ታሪክ መሆን የለባቸውም፤ ታሪክ ከሆኑ ሐሳብ ይጎትታሉ። ከ «በ» ወደ «ቡ»፣ ከ «ቡ» ወደ «ቢ» ስሄድ ብዙ ጊዜ «ቦ» ሳልደርስ ይወስደኛል። «ብ»ን ግን እዘለዋለሁ፤ ቀድሞ የሚመጣልኝ «ብድር» ነውና።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር፣ ከጎንደር

ልጄ፣ የተጻፈልሽ ሁሉ መልካም ነው። እኔ 71 ዓመቴ ነው፤ ሌሊት አንድ ጊዜ መንቃት ልማዴ ከሆነ ሰንብቷል። ድሮ በነቃሁ ቁጥር «ነገ ምን እሆናለሁ» እያልኩ እሸበር ነበር፤ ዛሬ አልሸበርም። አባቶቻችን ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱን ለንዋም፣ ማለትም ለመኝታ፣ አንዱን ደግሞ ለመንፈቀ ሌሊት መስጠታቸውን ሳስብ፣ በእኩለ ሌሊት የነቃሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ይሰማኛልና አንድ መዝሙር ደግሜ እመለሳለሁ።

ስለ ጸሎት ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ለረጅም ዘመን የማታ ጸሎቴ ልመና ብቻ ነበር። የልጄ ሥራ፣ የባለቤቴ ጉልበት፣ የቤቱ ጣሪያ እያልኩ ጭንቀቶቼን አንድ በአንድ ስጠራቸው፣ «አሜን» ስል ሁሉም በራስጌዬ ተሰብስበው ያገኙኝ ነበር። አሁን ልመናውን ወደ ጠዋት ወስጄ ማታ የማመሰግን ብቻ ሆኛለሁ፤ የዛሬዋን ፀሐይ፣ የቀመስኩትን ሽሮ፣ የጠየቀኝን ሰው እያነሣሁ። በሌላ እምነት ያለ ሰውም በራሱ መንገድ ሊያደርገው ይችላል።

ለጓደኛሽ ስለተናገርሽው ቃል ደግሞ በደብተር የሚዘጋ አይመስለኝም። ሒሳብሽን ነገ ቢሮ ታስተካክዪዋለሽ፤ ይህን የምታስተካክዪው በስልክ ነው።

የጠያቂዋ መልእክት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን እንደሆነ ልጻፍ። የመጀመሪያው ሳምንት ከበፊቱ የከፋ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሳሎን ተቀመጥኩ፤ ባለቤቴ «ታመምሽ እንዴ?» እያለ ሁለት ጊዜ ወጣ። ልብ የማይሰቅል ሥራ ሲባል ምስር መልቀም ስለመጣልኝ የወር ምስር ለቅሜ ጨርሻለሁ። ከአሥረኛው ሌሊት ወዲህ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ እነሣለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ጨርሶ ያልተነሣሁባቸው አራት ሌሊቶች ነበሩ። ሐሳቡ ዛሬም ይመጣል። ልዩነቱ «ደብተሩ ላይ አለ» ስለው አለመከራከሩ ነው።

1,800 ብሩ ተገኘ። አንድ ማታ ደብተሬ ላይ በቀኝ በኩል «ልዩነቱ ለ9 ስለሚካፈል፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተገለበጡ አኃዞችን መፈለግ» ብዬ ጻፍኩ፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ሲገለበጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላልና። በማግሥቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ 5,310 መሆን የነበረበት 3,510 ተብሎ ተመዝግቦ አገኘሁት፤ የመዘገብኩትም ራሴ ነኝ። ሌሊት ስለቅመው በነበረው ዝርዝር ውስጥ ያንን ቁጥር ስንት ጊዜ እንዳለፍኩት እንጃ።

መምህር፣ ለጓደኛዬ ገና አልደወልኩም። ስልኳን ግን ከእህቷ ተቀብያለሁ። ለነርሷ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እሑድ ለቅዳሴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስነሣ የመነሻ ሰዓቴ ተበላሸ ማለት ነው?

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ

አልተበላሸም። ጉዳቱ የሚመጣው አርፍዶ ከመነሣት ነው እንጂ በሳምንት አንድ ቀን ቀድሞ ከመነሣት አይደለም። ከቅዳሴ መልስ ግን አልጋ ላይ ጋደም አይበሉ፤ በጣም ከከበደዎት ከ9 ሰዓት በፊት፣ ከ20 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ አሸለብ ብለው ይነሡ።